ብርሃን ሲወጋን፦ ደብዘዝ ያለ መብራት ስለሚመርጡ ሰዎች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ባሕር ዳር ብርሃን የሞላባት ከተማ ናት። ሐይቁ ያብለጨልጫል፣ አስፋልቱ ያብለጨልጫል፣ አዲስ የተመታ ቆርቆሮ ጣሪያም ያብለጨልጫል። ለብዙ ሰው ይሄ ውበት ነው። ለአንዳንዶቻችን ግን ከበር መውጣት ማለት ግንባር ቋጥሮ፣ ዓይንን አጥብቦ መሄድ ነው። እኔ ማይግሬን የሚባለው እየተመላለሰ የሚመጣ ከባድ ራስ ምታት አለብኝ። ከብርሃን ጋር የያዝኩት ትግል ብዙ ዓመት ሆኖታል። ሐኪም አይደለሁም። ነገር ግን ሰው ደጋግሞ ስለሚጠይቀኝ፣ ያነበብኩትን፣ ከሐኪሞች የሰማሁትንና በራሴ ላይ ያየሁትን እዚህ አሰባስቤዋለሁ።

ብርሃን ዓይኔን ይወጋኛል። በሽታ ነው?

ራሱን የቻለ በሽታ አይደለም፤ ምልክት ነው። ትኩሳትን አስቡት። ያተኮሰው ሰው ወባ ሊሆን ይችላል፣ ታይፎይድ ሊሆን ይችላል፣ ተራ ጉንፋንም ሊሆን ይችላል። ብርሃን የሚወጋው ሰውም ከጀርባው ምን እንዳለ መታወቅ አለበት። ሐኪሞች ፎቶፎቢያ ይሉታል። ቃሉ ከግሪክ የመጣ ነው፤ «ብርሃን መፍራት» እንደማለት ነው። ስሙ ያሳስታል። ፍርሃት አይደለም፣ ሕመም ነው።

መነሻው ዓይን ላይ ሊሆን ይችላል። የዓይን ድርቀት አንዱ ነው፤ አሸዋ የገባበት ያህል ይቆረቁራል። የዓይን ብሌን ሲጫር ወይም ሲቆስል፣ የዓይን ውስጥ ሲቆጣ፣ የዓይን ሞራ ሲጀምር ብርሃን ያስቸግራል። በእኛ ክልል ደግሞ ትራኮማን መርሳት አይቻልም። ትራኮማ ሲቆይ የዓይን ቆቡ ወደ ውስጥ ይታጠፍና ሽፋሽፍቱ ብሌኑን ይፍቀዋል። ገጠር ውስጥ አንገታቸው ላይ ወረንጦ አንጠልጥለው፣ የወጋቸውን ፀጉር እየነቀሉ የሚኖሩ እናቶች አሉ። ፀሐይ ላይ ነጠላቸውን እስከ ቅንድባቸው የሚያወርዱት በልማድ ብቻ አይደለም። እናታችሁ ወይም አያታችሁ እንዲህ ከሆኑ፣ ፀጉሩ ቢነቀልም ተመልሶ ይበቅላል። ቀላል ቀዶ ሕክምና አለው። ብሌኑ ሳይጎዳ ውሰዷቸው።

መነሻው ከዓይን ውጭም ሊሆን ይችላል። ማይግሬን ዋናው ነው። ጭንቅላቱን የተመታ ሰውም ለሳምንታት ብርሃን ሊከብደው ይችላል።

ቶሎ ሐኪም ቤት መሄድ ያለብኝ መቼ ነው?

ሌላውን ባታነቡ እንኳ ይሄን አንብቡልኝ።

እኛ ዘንድ ራስ ሲፈልጥ፣ ሲያተኩስና ብርሃን ሲያስጠላ መጀመሪያ የሚባለው «ምች መታህ» ነው። ልጅ ሳለሁ እናቴ ዳማከሴውን ከጓሮ ቀጥፋ፣ በመዳፏ አሽታ አፍንጫዬ ሥር ትይዝልኝ ነበር። የቀረውን ጨምቃ ቡና ውስጥ ጠብ ታደርገዋለች። አረንጓዴው ጭማቂ በጣቶቿ መሀል ሲወርድ ዛሬም ይታየኛል። ዳማከሴን የምነቅፍበት ምክንያት የለኝም። የምፈራው ሌላ ነገር ነው፦ ማጅራት ገትርም የሚጀምረው እንዲሁ ነው። ከባድ ራስ ምታት፣ ትኩሳት፣ ማስመለስ፣ ብርሃን መጥላት። አገራችን ከሴኔጋል ጀምሮ አፍሪካን አቋርጦ የሚመጣው የማጅራት ገትር ቀጠና ምሥራቃዊ ጫፍ ላይ ናት። በሽታው የሚበረታው ደግሞ በበጋው፣ በደረቁና በአቧራማው ወቅት ነው።

ስለዚህ ትኩሳትና ራስ ምታት ያለበት ሰው ብርሃን ካስጠላው አንገቱን ተመልከቱ። አገጩን ደረቱ ላይ ማድረስ ካቃተው፣ አንገቱ ከደረቀ፣ ከተወዛገበ ወይም እንቅልፍ እንቅልፍ ካለው፣ ሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል ውሰዱት። «እስኪነጋ እንየው» አይባልም። ማጅራት ገትር በሰዓታት ውስጥ ይገድላል።

ከዚህ ሌላ፦ አንድ ዓይን ብቻ ቀልቶ ካመመና እይታው ከደበዘዘ፣ ዓይን ውስጥ ባዕድ ነገር ወይም ኬሚካል ከገባ፣ በሕይወታችሁ አይታችሁት የማታውቁት ዓይነት ራስ ምታት በድንገት ከመጣ፣ ጭንቅላት ከተመታ በኋላ ማስመለስ ከጀመረ፣ በዚያው ቀን መታየት አለባችሁ። ኬሚካል ከሆነ ከመሄዳችሁ በፊት በብዙ ንጹሕ ውሃ እጠቡት።

ባሕር ዳር ውስጥ የት ልታይ?

ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል የዓይን ክፍል አለው። ከዚያ በላይ ለሚያስፈልገው ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ይላካል። አንድ ምክር ልጨምር። ሐኪሙ የዓይናችሁን ውስጥ ለማየት ማስፊያ ጠብታ ሊያደርግላችሁ ይችላል። ከዚያ በኋላ ለሰዓታት፣ አንዳንዴም እስከ ማግስቱ ብርሃን ይበረታባችኋል፣ የቅርብም አይታይም። ሰው ይዛችሁ ሂዱ። ኮፍያና መነጽርም አትርሱ። እኔ አንድ ጊዜ ብቻዬን ሄጄ፣ ከግቢው በር እስከ ባጃጁ ያለችውን አጭር መንገድ የአጥሩን ግንብ እየዳበስኩ ነው የወጣሁት።

ብርሃን እንዴት ራስ ያሳምማል? ራስና ዓይን ምን አገናኛቸው?

ዓይናችን ውስጥ ለማየት ብቻ የተሠሩ ሴሎች አይደሉም ያሉት። ሬቲና ላይ፣ ማለትም ከዓይን ጀርባ ባለው ብርሃን ተቀባይ ስስ ሽፋን ላይ፣ ምስል ከመሥራት ይልቅ የብርሃኑን መጠን ለአንጎል የሚያሳውቁ ሌሎች ሴሎችም አሉ። ቀንና ሌሊትን ለሰውነታችን የሚነግሩት በዋናነት እነሱ ናቸው። ለሰማያዊ ብርሃን ይበልጥ ይነቃሉ። የእነዚህ ሴሎች መልእክት አንጎል ውስጥ የራስ ምታቱ ሕመም በሚያልፍበት ሠፈር ይደርሳል። በማይግሬን ሰዓት ሁለቱ ይጋጠሙና ብርሃኑ ሕመሙን ያባብሰዋል።

ይሄን ያሳየው ጥናት በጣም ነው የገረመኝ። የሃርቫርዱ ራሚ በርስታይንና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2010 ያሳተሙት ነው። ማይግሬን ያለባቸውን ዓይነ ስውራን ተመለከቱ። ምስል ማየት የማይችሉ፣ ግን ብርሃን መኖሩን የሚለዩት ሰዎች ብርሃን ሲበራ ራስ ምታታቸው ይብስ ነበር። ምንም ብርሃን የማይለዩት ላይ ግን ለውጥ የለም። እንግዲህ «ዓይንህ ደህና ነው፣ ምን ሆንክ?» ለሚላችሁ ሰው መልሱ ይሄ ነው። የዓይን ምርመራው ደህና ሆኖም ብርሃን ሊያም ይችላል።

ያው ቡድን እ.ኤ.አ. በ2016 ደግሞ የብርሃን ቀለሞችን አነጻጸረ። ነጭ፣ ሰማያዊና ቀይ ብርሃን ሕመሙን ሲያባብሱ፣ ደብዘዝ ያለ ንጹሕ አረንጓዴ ከሁሉም ያነሰ አስቸገረ። እኔ ከዚያ ወዲህ ከባድ ቀን ሲሆንብኝ ጓሮ ካለው የማንጎ ዛፍ ሥር እቀመጣለሁ። በቅጠል የተጣራ ብርሃን የላቦራቶሪውን አረንጓዴ አይሆንም፤ ይሄን አውቃለሁ። ግን ያሳርፈኛል።

የጣና ዳር ብርሃን ከሌላው ቦታ ይብሳል?

በአንዳንድ ነገር አዎ። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር አልትራቫዮሌት የሚባለው በዓይን የማይታይ የፀሐይ ጨረር 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ለምድር ወገብም ቅርብ ነን። በሚያዝያ አጋማሽ አካባቢ የቀትር ፀሐይ ቀጥ ብላ አናታችን ላይ ትቆማለች፤ ጥላችን እግራችን ሥር ይጠፋል። ነሐሴ ላይም ትመለሳለች፤ ያኔ ግን ደመናው ይከልልናል።

የውሃው ነገር ደግሞ ብዙ ሰው ከሚገምተው የተለየ ነው። ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን የረጋ ውሃ የሚመልሰው ከመቶ 2 እጅ ያህሉን ብርሃን ብቻ ነው። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ግን ውሃው መስታወት ይሆናል። ለዚህ ነው ቀትር ላይ ሐይቁን ማየት የቻለ ሰው፣ ማምሻውን ከ11 ሰዓት በኋላ ማኪያቶውን ይዞ ዳር ላይ ሲቀመጥ ዓይኑ የሚጥበረበረው። በዚያ ሰዓት ኮፍያም አያድንም። ብርሃኑ የሚመጣው ከታች፣ ከኮፍያው ክንፍ ሥር ነው። ጓደኞቼ ፀሐይ ስትጠልቅ ለማየት ወደ ሐይቁ ዞረው ይቀመጣሉ፤ እኔ ወደ እነሱ ዞሬ እቀመጣለሁ። ፊታቸው ላይ የሚያርፈውን ወርቃማ ብርሃን እያየሁ ማምሸት ለእኔ በቂ ነው።

ምን ዓይነት መነጽር ልግዛ?

ጥቁረቱን አትዩ። ጥቁር ሆኖ አልትራቫዮሌት የማይከላከል መነጽር ከነጭራሹ ካለማድረግ ሊብስ ይችላል። ዓይናችን መሀል ያለችው ጥቁር ቀዳዳ ጨለማ ሲሆን ትሰፋለች። በሰፋው በር ጨረሩ ይገባል። «ዩቪ 400» የሚል ይፈልጉ። መንገድ ዳር በሚሸጥ መነጽር ላይ የተለጠፈን ወረቀት ብቻ አትመኑ፤ አንዳንድ መነጽር ቤቶች መለኪያ መሣሪያ ስላላቸው አስለኩት።

ሐይቅ ዳር ለምትውሉ፣ ጀልባ ለምትነዱ፣ ዓሣ ለምታጠምዱ ፖላራይዝድ የሚባለው ዓይነት ይሻላል። ከውሃ ላይ የሚነጥረውን ብልጭታ ለይቶ ያስቀራል። መሞከሪያው ቀላል ነው፦ መነጽሩን በበራ የኮምፒውተር ስክሪን ፊት ይዛችሁ ቀስ እያላችሁ አዙሩት። በአንድ በኩል ስክሪኑ ከጠቆረ ፖላራይዝድ ነው።

ለማይግሬን ደግሞ ኤፍ ኤል 41 የሚባል ሮዝ መሰል ቀለም ያለው መስታወት አለ። ብርሃኑን በሙሉ ሳይሆን ሰማያዊና አረንጓዴ ሰማያዊውን ክፍል ይቀንሳል። የዓይን ባለሙያችሁን ጠይቁ።

ቤት ውስጥም ጥቁር መነጽር ባደርግስ?

አይመከርም። እኔም ለዓመታት የሠራሁት ስህተት ነው። ዓይን ከጨለማ ጋር ይላመዳል። ሙሉ በሙሉ ለመላመድ 20 እና 30 ደቂቃ ይበቃዋል። ቀኑን ሙሉ በጥቁር መነጽር ወይም በተዘጋ ክፍል ከዋለ የድሮው ተራ ብርሃን እንደ ፓውዛ ይሆንበታል። ከዚያ የበለጠ ትሸሻላችሁ፣ የበለጠ ይወጋችኋል። እኔ የተውኩት ቀስ በቀስ ነው፤ መጀመሪያ መጋረጃውን አንድ ስንዝር፣ በሳምንቱ ግማሹን። የማይግሬኑ ጥቃት በመጣበት ሰዓት ግን ጨልሞ ማረፍ ምንም ነውር የለውም። ያኔ ክፍሉን ዝጉ፣ ተኙ።

የቤቴን መብራት እንዴት ላስተካክል?

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሰው በቀላሉ የሚገላገለው ችግር ነውና።

ተከራይቼ የገባሁበት አንድ ቤት ኮርኒሱ ላይ ረጅም የፍሎረሰንት ዘንግ ነበረው። ማታ ማታ ራሴን ይፈልጠኛል። ምክንያቱ አልታይ አለኝ። አንድ ቀን ስልኬን አውጥቼ ፎቶ ላነሳ ስል ስክሪኑ ላይ ጥቋቁር መስመሮች ሲንሸራተቱ አየሁ። መብራቱ እየተርገበገበ ነበር። የእኛ ኤሌክትሪክ በሰከንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል፤ የድሮ ባላስት (ኤሌክትሪኩን የሚቆጣጠር ዕቃ) ያለው ፍሎረሰንት ደግሞ በእጥፉ፣ በሰከንድ 100 ጊዜ ደመቅ ፈዘዝ ይላል። ዓይናችን አያስተውለውም፣ ነርቫችን ግን ይሰማዋል። ርካሽ የኤልኢዲ አምፖሎችም እንዲህ የሚያደርጉ አሉ። ስለዚህ አምፖል ስትገዙ ሱቁ ውስጥ አስበርታችሁ በስልክ ካሜራ እዩት። መስመር ከሠራ መልሱት።

ቀጥሎ ቀለሙ ነው። ካርቶኑ ላይ 6500 የሚል ቁጥር ካለ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ነጭ ነው፤ 2700 ካለ ቢጫ፣ እንደ ድሮው አምፖል ያለ ነው። ለምሽት ቢጫውን ውሰዱ። ሱቅ ውስጥ «ቢጫው» ብትሉ ይገባቸዋል። ዋቱንም ዝቅ አድርጉ። አንድ ባለ 12 ዋት ኮርኒሱ መሀል ከሚያፈጥ፣ ሁለት ትንንሽ መብራት ማዕዘን ላይ፣ ወደ ግድግዳ ዞሮ ይሻላል። አምፖሉ ራሱ ለዓይን መታየት የለበትም። የማዕድ ቤቱን ግን አታደብዝዙ። ቢላዋና የፈላ ዘይት ባለበት ብርሃን ያስፈልጋል።

መብራት ጠፍቶ በሻማ ስናመሽ ድንገት ሲመጣ ቤቱ ሁሉ «መጣ!» ብሎ ይጮሃል። እኔም ደስ ይለኛል፣ ዓይኔ ግን ያለቅሳል። መብራት ሲጠፋ ማብሪያ ማጥፊያውን ማጥፋት ለምጄአለሁ። ሲመጣ በራሴ ፍጥነት አበራዋለሁ።

በደብዛዛ ብርሃን ማንበብ ዓይን ያጠፋል?

አያጠፋም። ዓይን ይደክማል፣ ይደርቃል፣ ራስ ሊያም ይችላል። ከእንቅልፍ በኋላ ይመለሳል። ልጆችን በተመለከተ ግን አንድ ነገር አለ፦ በቀን 2 ሰዓት ያህል ደጅ መጫወት የቅርብ ብቻ የማየት ችግርን ለመከላከል ይረዳል። ልጅን ከፀሐይ ደብቆ ማሳደግ ጥሩ አይደለም። ጥላ ሥርም ቢሆን ደጅ ይዋል።

ምንም አያመኝም፤ ግን ደብዘዝ ያለ ቦታ እወዳለሁ። ችግር አለብኝ?

የለባችሁም። ጣና ላይ ያለውን ዘጌን ያየ ይገባዋል። ከጀልባው ወርዳችሁ፣ ቡናው ጫካ ውስጥ ስትገቡ ብርሃኑ ወዲያው ይለዝባል። ኡራ ኪዳነ ምሕረት ገዳም ስትደርሱ ጫማችሁን አውልቃችሁ ወደ ውስጥ ትገባላችሁ። መጀመሪያ ምንም አይታይም። ትንሽ ትቆማላችሁ። ከዚያ ቀዩ ይወጣል፣ ቢጫው ይወጣል፣ የሥዕሎቹ ትልልቅ ዓይኖች ከግድግዳው ላይ አንድ በአንድ ያዩአችኋል። አንድ ጧፍ ከ1 ሜትር ርቀት የሚሰጠው ብርሃን 1 ሉክስ (የብርሃን መለኪያ ነው) ገደማ ነው። የቀትር ፀሐይ እስከ 100,000 ሉክስ ይደርሳል። ዓይናችን ሁለቱንም ይችላል፤ ጊዜ ከሰጠነው።

ምሽት ላይ መብራት ዝቅ ማድረግ ለእንቅልፍም ይጠቅማል። ደማቅ ብርሃን ሜላቶኒን የሚባለውን የእንቅልፍ ሆርሞን ያዘገያል። ኦቲዝም ያለባቸው ብዙ ሰዎችም ደማቅ ብርሃንና ጫጫታ ይከብዳቸዋል፤ ለእነሱ ደብዛዛ ክፍል ቅንጦት አይደለም።

አንድ ነገር ግን ለዩ። ብርሃን ወዳድ የነበረ ሰው ድንገት መጋረጃ ዘግቶ መዋል ከጀመረ፣ ምግብ ከጠላ፣ ሰው ከሸሸ፣ ጉዳዩ የዓይን ላይሆን ይችላል። ቀረብ ብላችሁ አነጋግሩት።

ልጄ ብርሃን ይሸሻል። ምን ላድርግ?

ሕፃኑ ዓይኑ ሁልጊዜ የሚያለቅስ፣ ብርሃን ሲያይ ፊቱን የሚሸሽግና ዓይኑ ከሌላ ልጅ ተለቅ ያለ ከሆነ፣ አብሮ የተወለደ ግላኮማ (የዓይን ውስጥ ግፊት በሽታ) ሊሆን ስለሚችል ሳትዘገዩ አሳዩት። «ትልልቅ ዓይን፣ እንዴት ያምራል!» ተብሎ የሚታለፍ ልጅ አለ። በኩፍኝ ጊዜም ብርሃን መጥላት የተለመደ ነው። ኩፍኝ የቫይታሚን ኤ ክምችትን ስለሚጨርስ ጤና ጣቢያ ቫይታሚኑን ይሰጣሉ። ዳፍንት ሌላ ነው፤ ሲመሽ አለማየት ነው፣ ግን እሱም ከቫይታሚን ኤ እጥረት ይመጣል።

አልቢኒዝም ያለባቸው ልጆች ዓይናቸው ብርሃን የሚመጥጥ ቀለም ስለሌለው ፀሐይ ይከብዳቸዋል። ሰፊ ክንፍ ያለው ኮፍያ፣ ጥሩ መነጽር፣ ክፍል ውስጥ ከመስኮት ራቅ ብሎ ወደ ሰሌዳው ቀረብ ያለ ወንበር ያስፈልጋቸዋል። መምህራን፣ እባካችሁ ይሄን አድርጉላቸው። ኮፍያ አውልቅ አትበሏቸው።

ቅጠል ጨምቄ ወይም ከፋርማሲ ጠብታ ገዝቼ ባደርግስ?

ቅጠልም፣ የጡት ወተትም፣ ሌላ ነገርም ዓይን ውስጥ አታድርጉ። ብሌኑ ቁስል ካለው ይመረቅዛል። አስተናግር የነካ እጅ ዓይንን ቢያሽ እንኳ ጥቁሯ ቀዳዳ ትሰፋና ብርሃን መቋቋም ያቅታል። ያለ ሐኪም ትዕዛዝ የሚወሰድ እንደ ዴክሳሜታዞን ያለ ስቴሮይድ ጠብታም አደገኛ ነው። ቶሎ ያሽላል፤ ሲቆይ ግን ግላኮማና የዓይን ሞራ ያመጣል። ጠበል የምትጠመቁም የታዘዘላችሁን መድኃኒት አታቋርጡ። ጫት ለምትቅሙ ደግሞ፦ ጫትም ያችን ቀዳዳ ያሰፋታል።

ሰው «ኩራት ነው» ይለኛል። እንዴት ላስረዳ?

ለቅሶ ቤት በጥቁር መነጽር ስትገቡ የሚያይ ዓይን አለ። አውቃለሁ። እኔ የምለው አጭር ነው፦ «ይቅርታ፣ ብርሃን ራሴን ያሳምመኛል»። ለትልቅ ሰው መነጽሬን አንሥቼ፣ ሰላም ብዬ፣ መልሼ አደርጋለሁ። ቤት ስጠራ ደግሞ ቀድሜ ለአስተናጋጇ እነግራታለሁ። አክስቴ መጀመሪያ «ጨለማ ምን ይሠራልሻል ልጄ» ትለኝ ነበር። ዛሬ ቡና ስታፈላ ሳልጠይቃት ትልቁን መብራት ታጠፋለች። ፍሙ ብቻ ይበቃናል።

ማታ የባጃጅና የመኪና መብራት ያሳውረኛል። ምን ይሻላል?

ከፊት የሚመጣው ረጅም መብራት ሲያበራ ወደ መብራቱ አትዩ፤ የመንገዱን ቀኝ ጠርዝ ተከተሉና ፍጥነት ቀንሱ። ማታ ጥቁር መነጽር በፍጹም አይደረግም። የፊት መስታወቱን ከውስጥም ከውጭም አጽዱት፤ አቧራና ጭረት ብርሃኑን ይበትነዋል። የራሳችሁን የዓይን መነጽርም እንደዚያው። በመብራት ዙሪያ ቀለበት ማየት ከጀመራችሁ ወይም ማታ መንዳት ካለፈው ዓመት ይልቅ ከከበዳችሁ፣ የዓይን ሞራ ወይም ግላኮማ መሆን አለመሆኑን አስመርምሩ። እስከዚያው በቀን ንዱ።